በጽናት አንደኛ የወጣው የማታ ዘበኛ

ይህ ጽሑፍ በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘውና ለክብሩ ሲባል ስሙን የማልጠቅሰው የክሪኬት ክለባችን በጽናትና በቡድን ፍቅር ረገድ ያስመዘገበውን ታላቅ ውጤት ለትውልድ ለማስተላለፍ የተዘጋጀ ነው። እኔ ለሠላሳ አንድ ዓመት የክለቡ ነጥብ መዝጋቢ ነኝ። በስብሰባም ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሁሉን አያለሁ፣ ሁሉን እጽፋለሁ፣ አስተያየት ጠይቆኝ የሚያውቅ ግን የለም።

ዘንድሮ ሊቀመንበራችን ሚስተር ኦግደን አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ቀጠሩ። ባለሙያዋ ተጫዋቾቹን ሰብስባ፣ ሰው የሚሸነፈው ሜዳ ላይ ሳይሆን ጭንቅላቱ ውስጥ ነው ስትል አስረዳች። እኛ አምና አሥራ አንድ ጊዜ የተሸነፍነው ሜዳ ላይ መስሎን ነበርና እፎይ አልን። ካፒቴናችን ሩፐርት ፌንዊክማ በትምህርቱ ልቡ ተነክቶ፣ ልብስ መቀየሪያው ግድግዳ ላይ «ቡድኑ ይቅደም» የሚል ጽሑፍ አሰቀለ። እውነት ለመናገር ቡድኑን ማስቀደም ይችልበታል፤ በተለይ ፈጣን ኳስ ሲመጣ።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ክለቡ አንድ ሰው እንደሚያሰናብትና የታጩትም ሁለት እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ዓመቱን ሙሉ ኳስ መምታት ያቃተው ካፒቴኑ ራሱ ነው። ሁለተኛው ሌን ሙርጋትሮይድ ነው። ሌን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሥራው ኳስ መወርወር ነው፣ ሌላ ሙያ የለውም፣ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት።

የኛ ጨዋታ አራት ቀን ይፈጃል፤ መቺውም ወርዋሪው እስኪያስወጣው ድረስ ዱላውን ይዞ ይቆማል። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። የተጋጣሚያችን ወርዋሪ ደግሞ ሰው ለመግደል የመጣ ይመስል ነበር። የኛን መቺ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በታትኖ አስወጣውና ተራው የካፒቴኑ ሆነ። ለእንዲህ ያለ ሰዓት እኛ ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ጥሩ መቺ በድንግዝግዝ እንዳይባክን በሱ ፈንታ መምታት የማይችል ሰው ይላካል። የማታ ዘበኛ እንለዋለን። የቀረችውን ሩብ ሰዓት ቆሞ ያሳልፋል፣ በማግስቱ ጠዋት ቶሎ ወጥቶ ቦታውን ለባለቤቱ ይለቃል።

«ሌን ወንድሜ፣ አንተ ግባልኝ» አለው ካፒቴኑ። «እኔማ ብገባ ደስ ባለኝ፤ ግን ለቡድኑ ስል ራሴን መቆጠብ አለብኝ። ጠዋት ደግሞ እንዳትቆይብኝ።»

ሌን ገባ። የመጀመሪያዋ ኳስ ጎድኑን አለችው፣ ሁለተኛዋ ትንሿን ጣቱን ሰበረችው። ንቅንቅ አላለም። ጠዋት ጣቱን ከጎረቤቷ ጣት ጋር በፋሻ ጠፍሮ ተመለሰ። ከዚያ ነው ስህተቱ የተፈጸመው። አልወጣም! ለምሳ ስንነሳ ሃምሳ ነጥብ አልፎ ነበር። ካፒቴኑ የራስ ቁሩን እንደደፋ፣ የቅልጥም መከላከያውን እንደታጠቀ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጽናትን ይለማመዳል። በመጨረሻ ውኃ በሚያቀብለው ተጠባባቂ ግዴታህን አትርሳ ብሎ ላከበት።

«ግዴታዬ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀ ሌን።

«መውጣት።»

«እሱን ወርዋሪውም ከጠዋት ጀምሮ እየሞከረ ነው፤ አልሆነለትም በለው።»

መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ አስቆጥሮ ጨዋታውን ጨረሰው። ከግንቦት ወዲህ ስናሸንፍ የመጀመሪያችን ነበር። ፔርሙዛቸውንና ውሾቻቸውን ይዘው የመጡት አርባ የሚሆኑ ሽማግሌዎች ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ካፒቴኑ ስላልገባ አልተሳሳተም፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ጥሩ ጨዋታ አልነበረውም።

ሰኞ ሌን ኮሚቴው ፊት ቀረበ። ሊቀመንበሩ ፊታቸው በርቷል።

«ሌን፣ ባለሙያዋ የሁላችሁንም ጽናት ለክታለች። ካፒቴኑ መጨረሻ ሆኗል፤ ያን ያህል ሰዓት ታጥቆ መጠበቁ መንፈሱን ጎድቶታል። አንተ ግን አንደኛ ወጥተሃል!»

ሌን ፈገግ አለ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጌታዬ። እንግዲህ ለሚስቴ ልደውልላት?»

«ስለዚህ የምናሰናብተው አንተን ነው» አሉ ሊቀመንበሩ። «ሩፐርትን ብናሰናብተው ይሰበራል። አንተ ትችለዋለህ፤ ጥናቱም ያንን ነው የሚለው።»

ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ። ግን ጻፍኩት።

ሌን ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። ሊቀመንበሩ ይህንንም እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ቆጠሩትና አንድ የመጨረሻ ትብብር ጠየቁት፦ ካፒቴኑ ይህን ወሬ ከሌላ ሰው ቢሰማ ሊደነግጥ ስለሚችል፣ ሌን ራሱ ቀስ አድርጎ እንዲነግረው። ሌን ሄዶ ነገረው። ካፒቴኑ አለቀሰ። ሌን በፋሻ በተጠፈረው እጁ መሐረብ አቀበለው፣ አይዞህም አለው።

በጥቅምቱ የእራት ግብዣ ላይ የዓመቱ የጽናት ዋንጫ ለካፒቴን ሩፐርት ፌንዊክ ተሰጠ፤ የቅርብ ባልደረባውን በድንገት የማጣትን ሐዘን በጀግንነት ስለተቋቋመ ነው። ጭብጨባው ቀለጠ። ሌን አልተጠራም። ካፒቴኑ ሲያየው ሆዱ እንዳይባባ ተብሎ ነው።