አሥራ ሁለት እንቁላል በጀርባቸው የተሸከሙት የአምባው ዜና

ባቡር አቃቂን በረገጠ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በጥቅምት ገብርኤል ማግሥት፣ የሚስታቸው የእመቤቲቱ የየሺሐረግ ሥልጣን በቤታቸው ላይ በጸና በሰባተኛው ዓመት፣ ከነገደ ጥዝ የሚወለዱት፣ ባለ አራት እጅና ባለ ሁለት የግንባር ቀንድ፣ መከራ ገፊ፣ ወንበር ናፋቂ፣ የአቃቂ ጣቢያ ጸሐፊ አምባው እንቁላል ተሸከሙ። ዝንቱ ውእቱ ዜናሁ።

ነገደ ጥዝ ከሰው ጋር ተዋውሎ በአንድ መንደር የሚኖር፣ ጀርባው እንደ ጢንዚዛ የጠነከረ ሕዝብ ነው። ሥርዓቱም እንዲህ ነው፦ ሴቲቱ በሰባት ዓመት አንድ ጊዜ አሥራ ሁለት እንቁላል በባሏ ጀርባ ላይ ትጥላለች፣ በምራቋም ታጣብቃለች። እርሱም ሃያ ቀን ሙሉ አይቀመጥም፣ አይደገፍም፣ እንደ ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል። በሃያ አንደኛው ቀን እንቁላሎቹ በብርቱ እንፋሎት ካልታጠኑ አይፈለፈሉም። የድስት እንፋሎት ስለማይበቃ፣ ባቡር ከመጣ ወዲህ የነገዱ አባቶች ሁሉ ጣቢያ ሄደው ጀርባቸውን በባቡር ይታጠናሉ። ቀኑ ያለፈበት እንቁላል ግን ተፍቆ ወንዝ ይጣላል።

ቀኑ የሚቆጠረው በጣት ነው። በየቀኑ አንድ ጣት ይታጠፋል፤ የአራቱ እጅ ሃያ ጣት ታጥፎ ሲያልቅ በማግሥቱ ወደ ጣቢያ ነው። አምባው ግን ጸሐፊ ናቸውና፣ ብዕር ለመያዝ ጣት ሲዘረጉ አንዷን መልሰው ማጠፍ ረሱ። ስለዚህም በሃያ አንደኛው ቀን ማለዳ የቀረችውን አንዲት ጣት አጥፈው፣ ገና ሃያ ነው ብለው፣ ለነገው በዓል ቀንዳቸውን ቅባት ሊያስቀቡ ወደ በሰቃ ገበያ ወረዱ።

አሜሃ የሺሐረግ በጣቢያዋ ጠራጊ በወይዘሮ ጠጄ አፍ በገበያው መካከል አዋጅ አስነገሩ፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ። አንተ አምባው፣ ዛሬ ሃያ አንድ ነው። ባቡሩ መጥቶ ውሃ እየቀዳ ነው። ልጆቼ ጀርባህ ላይ ደርቀው ከቀሩ እቤቴ እንዳላይህ።»

ጀግናውም ዘመቱ። ከፊት ወይዘሮ ጠጄ ከነመጥረጊያቸው፣ በቀኝ ቀንድ ቀቢው አቶ ታደሰ ከነቅባታቸው፣ በግራ ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ፣ መካከል ላይ አንድ ቀንዳቸው ተቀብቶ አንዱ ያልተቀባ አምባው፣ ላብ በላብ ሆነው ጣቢያ ገቡ። የባቡሩ ነጂ አቶ ሳህሌም ከላይ ሆነው አወጁ፦ «ወንድሜ፣ እኔ የምቆመው ውሃዬ እስኪሞላ ብቻ ነው። ለጀርባ ተብሎ የሚቆም ባቡር የለም።»

እንፋሎቱ ተለቀቀ፤ አምባውም ጀርባቸውን ሰጡ። እዚህ ላይ ሌላ ጸሐፊ ቢሆን «እንደ ዓለት ቆሙ» ብሎ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ጸሐፊውም ጀግናውም አንድ ሰው ነኝና፣ ዋሽቼ የት እገባለሁ? ግለቱ ሲበረታ ግራ ትከሻዬን ሸሸግሁ። እናቴንም ጠራሁ።

አሥራ አንዱ ተፈለፈሉ። የሺሐረግ አራቱ እጃቸው አልበቃ ቢላቸው ወይዘሮ ጠጄ የቀሩትን በቀሚሳቸው ተቀበሉ። ባቡሩም ሄደ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ በግራ ትከሻ ላይ የነበረችው አሥራ ሁለተኛዋ እንቁላል ነጭ እንደሆነች ዝም አለች። የነገዱ ሽማግሌ አባ ሮሪሳ የእንቁላል መፋቂያቸውን ይዘው መጡና አወጁ፦ «ሥርዓት ነው። ቀኗ አልፏል፣ ትፋቅ።»

ለአምባው ወንበር ቀርቦ ነበር፤ መደገፊያ ያለው፣ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ በሕልማቸው ያዩት። ወንበሩን አዩ። የሺሐረግን አዩ። ከዚያም በዕድሜያቸው የመጀመሪያውን አዋጅ አወጁ፦ «አባ ሮሪሳ፣ አንቱን አክብሬ ነው፣ ግን አይሆንም። ጥፋቱ የጣቴና የትከሻዬ ነው፣ የእንቁላሏ አይደለም። እስከሚቀጥለው ባቡር እቆማለሁ።»

የሺሐረግም ነጠላቸውን አወለቁና ያንን ትከሻ ሸፈኑት።

ቀጣዩ ባቡር በሦስተኛው ቀን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጉልበታቸው አበጠ፤ በሁለተኛው ወንበሩን ሰደቡት፤ በሦስተኛው አለቀሱ፤ ይህም ይጻፍ። ባቡሩ ሲደርስ ግራ ትከሻቸውን አስቀደሙ፤ ፈሩ፣ ግን አልሸሸጉም። እንቁላሏ ተሰነጠቀች፤ ከሁሉ የምታንስ ሴት ልጅ ወጥታ የአባቷን ጆሮ ነከሰች። አባ ሮሪሳ መፋቂያቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ የሺሐረግም አወጁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ አምባው ይቀመጥ።»

ስብሐት ለአምባው፣ ቆጥረው ለተሳሳቱ፣ ፈርተው ለቆሙ፣ ወንበር ድል ላልነሣቸው! ይህን ዜናም የጻፉት ቆመው ነው፤ ትንሿ ጀርባቸው ላይ ተኝታለችና።