የጾም ፊልም

ልጆቼ፣ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ብዙ ታላላቅ ጉባኤዎች እንደተደረጉ ሰምቻለሁ። ጳጳሳት ከየአገሩ ተሰብስበው ስለ ሥላሴ ተከራክረዋል፣ ስለ ባሕርይ ተወጋግዘዋል። አንዲት ነገር ግን ሁሉም ዘንግተዋት ኖረዋል። ፊልም የጾም ነው ወይስ የፍስክ? ይህን የሚያህል ጥያቄ ያለ መልስ እንዳይቀር እግዚአብሔር ለሐረር፣ በሐረርም ለአቦከር ሰፈር፣ በአቦከርም ለጋሽ ኃይለመስቀል ሳሎን ጠብቆ አቆየው።

ማኅበራችን «የካቶሊካውያን የቆዩ ፊልሞች ወዳጆች ማኅበር» ይባላል። ሰባት ነን። በሐረር ካቶሊክ ጥቂት ነው፣ የቆየ ፊልም የሚወድም ጥቂት ነው፤ ሁለቱን ባንድ ላይ የያዘ ሰባት ሰው መገኘቱ ራሱ ተአምር ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን አንድ አባታችን ሆይ እንደግምና ፊልም እናያለን። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ኃይለመስቀል ናቸው፤ የቪዲዮ ዴክ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸውና። ዴኩ ዳንቴል ለብሶ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ቁልፉ ከማርያም ሜዳልያቸው ጋር አንገታቸው ላይ ይውላል። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ተምሬ አይደለም፤ እስክሪብቶ ስለማይጠፋኝ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በማኪያቶ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በዐቢይ ጾም ጋሽ ኃይለመስቀል ፈረስ መጋላ ካፌ ተቀምጠው ማኪያቶ ሲጠጡ ጎረቤታቸው አባይነህ ደረሰባቸው። አባይነህ ኦርቶዶክስ ነው፤ በጾም ወራት ላም በመንገድ ስታልፍ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው።

«ጋሽ ኃይሌ!» አለ ካፌው ሁሉ እንዲሰማ። «በእናንተ ጾም ላም ትታለባለች እንዴ?»

«የእኛ ጾም የልብ ነው።»

«ኧረ ይጠንቀቁ፣ ልብም ሥጋ ነው!»

ካፌው በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ኃይለመስቀል ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሱም ማለት ይቻላል፤ ከማኪያቶ በስተቀር። አባይነህ ያልደረሰበት፣ አያት ቅድመ አያቱም ያላሰቡት ጾም ማግኘት ነበረባቸው። ማኪያቶውን መተው ግን ከበዳቸው። ስለዚህ ቀለምን ተዉ።

በሚቀጥለው እሑድ ውሳኔው ተነበበ። «አንቀጽ አንድ፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም የጾም ነው። አንቀጽ ሁለት፤ ባለቀለም ፊልም የፍስክ ነው። አንቀጽ ሦስት፤ ድምፅ የሌለው ፊልም ለስቅለት ይቆይ።» ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። ጋሽ ኃይለመስቀልም በፔርሙስ ካስመጡት ማኪያቶ አንድ ጊዜ ፉት ብለው፣ «ከእንግዲህ ካቶሊክ አይጾምም የሚል ይምጣና ይየን!» አሉ።

እንዲህ እየጾምን ዘንድሮ ደረስን። ዘንድሮ እማማ ገላነሽ ካሴት ይዘው መጡ።

እማማ ገላነሽ የሁላችን ታላቅ ናቸው። ጋሽ ኃይለመስቀልን በልጅነታቸው አዝለዋቸዋል፤ ሊቀ መንበራችንን «አንተ» የሚሉ እሳቸው ብቻ ናቸው። ካሴቱን ድሬዳዋ ያለች የባለቤታቸው እኅት ልጅ ከአሮጌ ሣጥን አግኝታ ላከችላቸው። የላዩ ጽሕፈት ለቋል።

«ኃይሌ፣ ይቺን ዛሬ አሳየኝ» አሉ። «ነፍሱን ይማረውና ከባሌ ጋር መጀመሪያ ያየናት ናት። ከከተማው ግንብ ውጭ በነበረው ሲኒማ ቤት፣ ጨለማው ውስጥ። አንዲት ሴት ዝናብ ላይ ቆማ ሰው ትጠብቃለች። ቀሚሷ ቀይ! እሱ በጆሮዬ፣ ‹አየሻት? ቀይ ለብሳለች፤ ላንቺም እገዛልሻለሁ› አለኝ። በሳምንቱ ገዛልኝ።»

ጋሽ ኃይለመስቀል ካሴቱን ፍም እንደያዘ ሰው ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉት።

«ቀይ አሉ እማማ?»

«ቀይ! እንደ ሚጥሚጣ።»

«እንግዲያው የፍስክ ነው። ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል።»

«እሱ ይደርሳል፤ ዓይኔ ነው የማይደርሰው። ሐኪሙ ግራው አልቆለታል፣ ቀኙም ቀን እየቆጠረ ነው አለኝ። ፋሲካ ስንት ቀረው?»

ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

አስቸኳይ ጉባኤ ተጠራ። የዚያን ዕለት ፈረስ መጋላ ቴሌቪዥን የሚጠግነው ሀሚድ ዴኩን ሊያጸዳ መጥቶ ነበር። ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና አላስችል አለው።

«አቦ ጋሼ፣ ባለቀለም መሆኑን አይታችሁታል?»

«እንዴት እናየዋለን? ወጡ ሥጋ እንዳለበት ለማወቅ የሚቀምስ ጾመኛ አለ?»

«እኔ ልይላችሁዋ! የኔ ረመዳን አልቋል፣ አልሐምዱሊላህ።»

ጉባኤው አጉረመረመ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሀሚድ፣ ወንድማችን ነህ፣ እናከብርሃለን። ነገር ግን አንተ ያየኸውን እኛ መቀበላችን እንደ እርድ ነው። እርድ ደግሞ የየራሳችን ነው።»

«አስተግፊሩላህ! ፊልም ይታረዳል እንዴ ጋሼ?»

«ይመዝገብ» አሉኝ። መዘገብኩ።

ሀሚድ ግን ተስፋ አልቆረጠም። «እሺ ቀለሙን በሪሞት ዜሮ ላግባላችሁ። በቃ የጾም ሆነ፤ እማማም ያያሉ።»

እንዴት ያለ መላ ነው! አጨበጨብን። እማማ ገላነሽ ግን ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ቀይዋን ላይ መጥቼ አመድ ልታሳዩኝ ነው? አልፈልግም።»

«እንግዲህ ድምፅ ይሰጥ» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል። «ከፋሲካ በኋላ የሚል እጁን ያውጣ።»

ስድስት እጅ ወጣ። የእኔም አለችበት። አትፍረዱብኝ ልጆቼ፤ እጅ ብቻዋን መቅረት አትወድም። እማማ ገላነሽ ከተቀመጥንበት እየተጠጉ፣ የወጣውን እጅ አንድ በአንድ እየዳሰሱ ቆጠሩ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ጣቶቼን ያዝ አድርገው፣ «አንተም?» አሉኝ።

በሳምንቱ ብቻቸውን መጡ። በሆሳዕና በሀሚድ ክንድ ተደግፈው መጡና እኔን «ኃይሌ፣ ደኅና አደርክ?» አሉኝ። እኛ ግን ጽኑ ነበርን። ጥቁርና ነጭ ፊልማችንን እያየን፣ ማኪያቷችንን እየጠጣን ጾሙን ፈጸምን።

ፋሲካ ሆነ! ጋሽ ኃይለመስቀል በግ አርደው፣ አባይነህንም ጠርተው፣ «ዛሬ ሆዳችን ብቻ አይደለም፣ አርባ ቀን የተራበ ዓይናችንም ይፈስካል!» ብለው ንግግር አደረጉ። አባይነህ አፉ በጥብስ ተሞልቶ ራሱን ነቀነቀ። ቁልፉ ከሜዳልያው ተፈታ፣ ዳንቴሉ ተገፈፈ፣ ሀሚድም ሪሞቱን ያዘ። እማማ ገላነሽ ወንበራቸውን አስጠግተው አፍንጫቸው ቴሌቪዥኑን ሊነካ ደረሰ።

ዝናቡ መጣ። ሴትዮዋ መጣች። ከእግር እስከ ራሷ ግራጫ ነች።

«ሀሚድ፣ ቀለሙን መልሰው እንጂ!»

«መቶ ላይ ነው ጋሼ።»

«ጨምር!»

«ከመቶ ወዲያ የለም። ወላሂ ይሄ ፊልም ሲወለድም ጥቁርና ነጭ ነው።»

አጥንት ሲግጥ የነበረው አባይነህ ቀና አለ።

«ቆይ ቆይ ጋሽ ኃይሌ። በጾሙ የጾሙን ፊልም ከለከላችሁ። አሁን በፋሲካ ልትጾሙ ነው?»

የጋሽ ኃይለመስቀል ፊት ሚጥሚጣ መሰለ፤ በቤቱ ውስጥ የነበረው ቀይ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ታላቅ ሰው ግን በታላቅ ጭንቅ ጊዜ ይታወቃልና ብድግ አሉ።

«በበዓለ ሃምሳ መጾም ክልክል ነው! ሥርዓት ነው! ዴኩ ይጥፋ!»

ብለው እጃቸውን ወደ ማጥፊያው ሰደዱ። ያን ጊዜ ልጆቼ፣ እጄ ብቻዋን ተነሥታ ክንዳቸውን ያዘች። ጉባኤ አልጠራችም።

«ምንድነው የሚያንጫጫችሁ?» አሉ እማማ ገላነሽ ሳይዞሩ፣ መዳፋቸውን መስተዋቱ ላይ አሳርፈው። «ዝም በሉ፤ ይኸው መጣች። ቀይዋ!»

«እማማ፣» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ ክንዳቸው በእጄ እንደተያዘ፣ «ቀይ የሚባል ነገር የለም። ፊልሙ የጾም ነው።»

«ባሌ ቀይ ናት ብሎኛል፤ ይኸው ቀይ ናት። አንተ ኃይሌ፣ እናንተ ጹሙ፤ እኔ ፈስኬያለሁ።»