መቶ ሰማንያ ስድስት ፍሬ ፈረስ

አዳማ ውስጥ ስሙን መጥራት የማያስፈልገን አንድ መሥሪያ ቤት በንብረት አያያዝ ያስመዘገበው አንጸባራቂ ድል እስከ ዛሬ ተገቢውን ጭብጨባ ሳያገኝ መቅረቱ እጅግ ያሳዝናል። ድሉ የተገኘው በበያጁ በወዬሳ ፈረስ ላይ ነው፤ ጉዳቱም የደረሰው በዚያው ፈረስ ላይ ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው ሊባል ይችላል።

ወዬሳ ዕድሜ ልኩን የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ «አደባባያችንን የሚመጥን ሐውልት ከወዳደቀ ብረት ሥራልን» ብሎ ሲጠራው ግን ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። አባቱ አባባ ሁንዴ ሠላሳ ዓመት ጋሪ ነድተው ነው ያሳደጉት፤ የጋሪያቸው ፈረስ ቦራ ይባል ነበር። «አባ፣ ቦራን አደባባይ ላይ አቆምልዎታለሁ» አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወዬሳ እንቅልፍ የለውም።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ምንተስኖት ለዓመታት አቧራ ሲጠጣ የኖረውን ክምር በዓይነት ሳይለይ በፍሬ ቆጥሮ አስረከበው፤ መፍቻ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የፓምፕ ማርሽ፣ ሰንሰለት፣ ኩሽኔታ፣ በድምሩ መቶ ሰማንያ ስድስት ፍሬ። ከሦስት ወር በኋላ ቦራ ተነሣ። ጋማው ሰንሰለት፣ ኮቴው ኩሽኔታ፣ መንጋጋው ሠላሳ ሁለት ቁጥር መፍቻ! ያየው ሁሉ «አጃኢብ!» አለ። አቶ ምንተስኖት ብቻ አላለም።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ፈረስ ነው ጌታዬ።»

«እኔ ፈረስ አላስረከብኩህም።»

«ከሰጡኝ ዕቃ እኮ ነው የሠራሁት።»

«ስማኝ ወንድሜ፣ መዝገቤ ላይ ፈረስ የሚባል ንብረት የለም። መቶ ሰማንያ ስድስት ፍሬ ወጥቷል፣ መቶ ሰማንያ ስድስት ፍሬ ይገባል። ቁጠርልኝ!»

ወዬሳ ከጆሮ እስከ ጭራ ቆጠረለት። ፈረሱም እስኪመረቅ ድረስ በየዓይነቱ ተመዝግቦ ግምጃ ቤት ገባ።

ታሪካዊው ስኬት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ክምሩ ክምር ሳለ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለፈረሱ ምስጋና ይግባውና አሁን ጥርት ብሎ ታወቀ። መመሪያው ደግሞ ግልጽ ነው፤ ግምጃ ቤት ያለ ዕቃ አይገዛም። ስለዚህ የጋራዡ ኃላፊ ሠላሳ ሁለት ቁጥር መፍቻ ይገዛልኝ ብሎ ቢጠይቅ «በእጃችን አለ» ተባለ። ለቆረጣው ወዬሳ ተጠራ።

«ማሎ፣ እባክዎ ጌታዬ፣ መንጋጋው እኮ ነው!»

«መዝገብ ላይ መፍቻ ነው» አሉት ሥራ አስኪያጁ አቶ ተክለሃይማኖት ወጪውን እየፈረሙ። «ደግሞስ የብረት ፈረስ ምን ሊያላምጥ ነው?»

«እምቢ ብልስ?»

«የመሥሪያ ቤቱን ንብረት አላስረክብም አልክ ማለት ነዋ።»

መንጋጋውን ቆርጦ አስረከበ። በሳምንቱ ጎኑ ለቧንቧ ሠራተኞች ወጣ። ቀጥሎ ጋማው ለግቢው በር ማሰሪያ፣ አንገቱ ለጄኔሬተሩ ጥገና፣ ሁሉም በሕጋዊ ፊርማ። መሥሪያ ቤቱ በቁጠባ አርአያነቱ ዋንጫ ተሸለመ፤ ሐውልቱን እንዲከታተል የተቋቋመው ኮሚቴ አሥራ አንድ አባላትም ልምዱን ለመቀመር ሶደሬ ወርደው ሦስት ቀን ሙሉ ፍል ውሃው ውስጥ ተቀምጠው ተወያዩ።

ምረቃው ግን አልቀረም። መርሐ ግብሩ ጸድቋል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ እንግዳ ተጠርቷል፤ ታዲያ ሐውልት የለም ተብሎ ይህ ሁሉ ይሰረዝ? አባባ ሁንዴ አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወዬሳ እውነቱን ሊነግራቸው ስንት ጊዜ አፉን ከፍቶ ስንት ጊዜ ዘጋው!

አቶ ተክለሃይማኖት ስለ ኪነ ጥበብ አርባ ደቂቃ ተናግረው ጨርቁን ገለጡት። ሲሚንቶው ላይ አራት ኮቴዎች ቆመዋል፤ እነሱን የጠየቀ የሥራ ክፍል አልነበረም። ከኮቴዎቹ በላይ የአዳማ ንፋስ አቧራውን ይዞ ያልፋል።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ «ቦራ የት ሄደ?»

አቶ ተክለሃይማኖት ግን ድምፅ ማጉያውን አልለቀቁም።

«እንደምታዩት ሐውልታችን ተገትሮ የሚታይ ሳይሆን ሥራ ላይ የዋለ ሐውልት ነው! ያም ሆኖ ወዬሳ ሁለተኛ ይሠራልናል። አሁን የምንሰጥህ ማንም ለሥራ የማይፈልገው፣ ከቦታው ቢነሣ የማይጎድል ዕቃ ነው። እስቲ አንተው ምረጥ፣ የቱን እንስጥህ?»

ወዬሳ እስከዚያች ሰዓት «እሺ ጌታዬ» ሲል የኖረ ጨዋ ሰው ነው። አባቱን አየ። ከዚያ መድረኩ ላይ በመስመር የተቀመጡትን አሥራ አንድ የኮሚቴ አባላት ከዳር እስከ ዳር አየ።

«ዕቃውስ ሞልቷል ጌታዬ» አለ፤ «ይኸው እዚሁ መድረክ ላይ ተደርድሯል። ብየዳ አልይዝ ይለኛል እንጂ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ አባባ ሁንዴም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ኮሚቴው ሕዝቡ በሥራችን ረክቶ ነው ብሎ አጨበጨበ። የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ ዘውድነሽም «ባለሙያው የጥሬ ዕቃ እጥረት እንደሌለ አረጋግጠዋል» ብለው ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈሩ፤ አሥራ አንዱም አባላት በሙሉ ድምፅ ፈረሙበት።