በመስኮት የገባው መድኃኒት

የእኛ አገር ሰው ከሐኪም ጋር አይከራከርም። «በቀን አንዴ፣ ጧት ጧት» ሲሉት «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይወጣል። ክርክሩ የሚጀመረው ቤቱ ገብቶ ከመድኃኒቱ ጋር ሲፋጠጥ ነው። አይፍረዱበት፤ በዚያ በደርግ ዘመን ሁላችንም ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጃችንን አውጥተን ያጸደቅነውን ነገር የምናጉረመርምበት በራችንን ከዘጋን በኋላ ነበር። ሰው ሳይከራከር የሚያምነው መርፌን ብቻ ነው። ያማላ! የሚያም ነገር ደግሞ ሳይሠራ አይቀርም።

እኔ ያኔ ሞጣ አስተምር ነበር፤ አማቴ ቄስ አድማሱ ደግሞ ቢቸና ይቀድሳሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣውን ዳገት ሲጀምሩ ደረታቸውን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ነበረባቸው። አዲስ አበባ ድረስ ብወስዳቸው ሐኪሙ የልባቸው የደም ሥር መጥበቡን ነግሮ ክኒን ሰጣቸው። እሺ አሉ። ሁዳዴ ሲገባ ግን ክኒኑ የዕለቱ ጾም ሳይፈታ አፋቸው አልደርስ አለ፤ ዳገቱ ደግሞ ጾም እስኪፈታ አይጠብቅም። ደረታቸውን ይዘው፣ በየድንጋዩ እያረፉ ወጥተው ይቀድሳሉ። አንድ ቀን እዚያው እንደሚቀሩ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

እኔ ሳይንስ አስተማሪው ዘዴ የማይጠፋኝ ሰው መሰልሁና ሐኪሙ ዘንድ ተመልሼ ለመንሁት። እሱም ከመሳቢያው ከባሕር ማዶ የመጣ ፕላስተር አወጣ፤ እንደ ሽንኩርት ልባስ የሳሳ ነገር ነው። ደረት ላይ ይለጠፋል፤ መድኃኒቱ በቆዳ ሰርጎ ከደም ይቀላቀላል፣ የጠበበውን ሥር ይከፍታል፣ ደሙም እንደ ልቡ ይዘዋወራል። አፍ የሚባል ነገር አይነካም! የይለፍ ወረቀቴን ይዤ፣ በጭነት መኪና ላይ ከእህል ጆንያ ጋር እየተንገጫገጭሁ ቢቸና ስገባ፣ ራሴን ጾምንና ሕክምናን ያስታረቀ ሽማግሌ አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ቄስ አድማሱ ፕላስተሩን ወደ ብርሃን አንሥተው አገላበጡት።

«ይኼ መድኃኒት ወዴት ነው የሚደርስ?»

«ልብዎ ድረስ፣ አባ።»

«እንግዲያው ገባ።»

«በአፍ አይደለም እኮ የሚገባው።»

«ሌባ በመስኮት ቢገባ አልገባም ሊባል ነው?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? አይገባም ብል መድኃኒቱ ከንቱ ነው፤ ይገባል ብል ጾሙ ፈረሰ። ይህ ሳያንሰኝ ባለቤታቸው እትዬ ውዴ ከጓዳ ሆነው፣ እሳቸው በሁዳዴ ራሳቸውን ቅቤ የማይቀቡት አናት አፍ ኖሮት ነው ወይ ሲሉ ጠየቁኝ።

አለጣጠፉን ልታሳይ የመጣችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ የደሴዋ ልጅ ሲስተር ኑሪያ ግን ክርክሩ ብርቅ አልሆነባትም። የገዛ አባቷ በረመዳን እንዲሁ እንደሚያስቸግሯት ነገረችን። ፕላስተሩም ቢሆን ቀን ከሌሊት ከገላ ላይ እንደማይቆይ አስረዳች፤ ሌሊቱን ካልተነሣ ሰውነት ይለምደውና መሥራቱን ይተዋል። ቄስ አድማሱ መድኃኒቱም የሚጾም መሆኑን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ወዲያው ታዲያ፣ ሌሊት ይለጠፍና ቀን ይነሣ አሉ።

«ዳገቱን በሌሊት ነው እንዴ የሚወጡት?» አለች ሲስተር ኑሪያ።

እትዬ ውዴ ይኼኔ ከጓዳ ወጡ። «ስንቱን በሽተኛ ‹ብላ፣ እግዜር ያውቃል› ብለው ፈቅደውለታል። ለርስዎ ሲሆን ነው የሚጠበው?»

«ለኔ የምፈቅደው እኔ አይደለሁማ» አሉ ቄሱ በዝግታ።

የነፍስ አባታቸው ሞጣ የሚኖሩ አዛውንት መነኩሴ ስለነበሩ ጥያቄውን ተሸክሜ ተመለስሁ። መነኩሴው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ ቄስ አድማሱ ቢቀሩ ቅዳሴው ይታጎል እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። ሌሎች ካህናት አሉ አልሁ። «እንግዲያው ይለጥፍ። ለጥፎ ግን አይቀድስ፤ ያስቀድስ» አሉ።

ይህን ቃል ቢቸና ወስጄ ስናገር እንዴት እንደከበደኝ አልነግራችሁም። ቄስ አድማሱ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈትተው ደረታቸውን ለሲስተር ኑሪያ ሰጧት።

እሑድ ጧት አብሬያቸው ወጣሁ። ዳገቱን አንድም ጊዜ ሳያርፉ ጨረሱት። ሲታመሙ ቀዳሽ የነበሩት ሰው ሲሻላቸው አስቀዳሽ ሆኑ! መቋሚያቸውን ተደግፈው ከወንዶቹ መካከል ቆሙ፤ ከንፈራቸው ከቀዳሹ ጋር እኩል ይንቀሳቀሳል፣ ቀዳሹ በደከመበት ቦታ ደግሞ መቋሚያቸውን ጨበጥ ያደርጋሉ። እኔ ወደ ሌላ ዞሬ ቆምሁ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ካህናቱ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ እትዬ ውዴም እንደ ልማዳቸው ምሳ ለማቅረብ ፈጠን ብለው ብቻቸውን ቁልቁለቱን ጀመሩ። ከኋላቸው «ውዴ፣ ቆይኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ዞረው ባላቸውን ሲያዩ መጀመሪያ ደነገጡ፤ አሟቸው መስሏቸው ነው።

ጎን ለጎን ወረዱ። እትዬ ውዴ መንገዱ አጋማሽ ላይ «ከተዳርሁ ጀምሮ ከቤተ ስኪያን ስመለስ ብቻዬን ነበርሁ» አሉና፣ ደስታው ኃጢአት የሆነባቸው ይመስል አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ቄስ አድማሱ ሰምተዋል፤ እርምጃቸውን ከሳቸው ጋር አስተካከሉ።

ቅር ብሏቸው ይሆን? ብሏቸዋል፤ ቅዳሴ ያደጉበት ነው። በማግስቱ ጧት ግን ሲስተር ኑሪያ ሳትመጣ፣ እኛም ሳንለምናቸው፣ ከመደባቸው ላይ ሆነው ወደ ጓዳ ሲጣሩ ሰማሁ።

«ውዴ፣ ያን ፕላስተር አምጪልኝ።»