ጆሮው እንደገና የተሸረፈ በግ

ስድስት ክፍል፣ ሠላሳ አንድ እንግዳ፣ አንዲት ሚስት። ባለፈው ገና አደጋ ላይ የጣልኩት ሒሳብ ይህ ነበር። ክፍሉም እንግዳውም ይተካል። የመጨረሻዋን የምተካበት ገበያ ግን የለም።

ሰው ታሞ ሲድን ትንሽ ይኮራል። አይታችሁ እንደሆነ፣ ከአልጋው የተነሣ ሁሉ «እኔንስ ለቆኛል» ማለት ይወዳል፤ ግብሩን ከፍሎ ደረሰኙን ኪሱ እንደከተተ ሰው። እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። በቅሎ ለጎብኚ ከማከራየት ተነሥቼ ላሊበላ ላይ ባለ ስድስት ክፍል ማረፊያ እስክከፍት ድረስ የኖርኩበት አንድ ሕግ አለኝ፦ የከፈለ ሁለተኛ አይከፍልም። ሕጉ ለበቅሎ ሠርቷል። ለጉንፋን አልሠራም።

እዚህ አገር ለገና በእግሩ ተጉዞ የመጣ እንግዳ እግሩ ይታጠባል። አጣቢው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ እንግዳው ደግሞ ከላይ ምርቃቱንም ሳሉንም ያወርድበታል። ያን ጊዜ ከመጡት ግማሾቹ ይስሉ ነበር። ታዲያ እኔ እንደ ልማዴ ቤተሰቤን ቆጠርኩ። ዓምና ኃይለኛው ጉንፋን የጣለው ማንን ነው? ባለቤቴን እናኑን። ያልነካውስ? እኔንና ሁለቱን ልጆቼን። እንግዲያው እግር የምታጥበው እናኑ ናት፤ እኛ ወደ ጓዳ።

«አስም ያለብኝ ሴትዮ?» አለች እናኑ።

«አንቺማ ከፍለሻል!»

«አንቱ ደግሞ በሽታውንም ግብር ሰብሳቢ አደረጉት!» ብላ ሳቀችና ነጠላዋን አደግድጋ ውኃውን አነሣች።

በዓሉ ሳያልፍ ሳቁ አለቀ። ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር፤ ቆይቶ ማፏጨቱም ጠፋ፤ እሱ ባሰ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ኦክስጅን ሲያደርጉላት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የምቆጥረው ነገር አጣሁ።

ነርሷ የብልባላ ልጅ ናት፤ አባቷን ከበግ ገበያ አውቃቸዋለሁ። «ዓምና ይዟት ነበር እኮ!» ብዬ እንደ ተበደለ ሰው ጮኽኩባት።

«ጋሽ ፈንታ፣ የበግዎን ጆሮ ሸርፈው ምልክት ያደርጉበታል አይደል?»

«እንዴታ!»

«የሰረቀ ሰው ጆሮውን እንደገና ቢሸርፈውስ? እረኛዎ ይለየዋል?»

«ሊያልፈው ይችላል።»

«ኃይለኛው ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ የምንለውም እንደዚያው ነው። ሰውነታችን ቫይረሱን የሚለየው ላዩ ላይ ባለው ምልክት ነው። የዓምናውን ምልክት ይዞ ይጠብቃል። ቫይረሱ ግን ሲራባ የራሱን ዘር በትክክል አይገለብጥም፤ ምልክቱ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ጠባቂው የድሮውን ጆሮ ሲፈልግ አዲሱ ሹልክ ይላል። በሰለጠነው አገር ክትባቱን በየዓመቱ የሚከልሱት ለዚህ ነው።»

«ሌባ ነዋ! ሆን ብሎ?»

«ኧረ በምን አእምሮው! ዝም ብሎ ይሳሳታል። ብዙው ስሕተት ራሱን ይጎዳዋል ወይም ምንም አይፈይድለትም። ጠባቂውን የሚያሳልፍ ስሕተት የገጠመው ግን ይራባል።»

እናንተዬ፣ እኛ አንዲት ሳንቲም እንዳትሳሳትብን ዓይናችን ሲጠፋ፣ በስሕተቱ የሚከብር ፍጡር በመካከላችን ይኖራል!

በማግስቱ እናኑ ቀና ብላ ተቀመጠች። ነርሷ «ዓምና መታመማቸውም ከንቱ አልሆነ ይሆናል፤ ጠባቂው የቫይረሱን ምልክት በከፊል ሳያውቀው አልቀረም» አለችኝ። እፎይ ብዬ ተነፈስኩ። እናኑም ተነፈሰች። ዋናው የእሷ ነው።

«የቀሩትን እንግዶች እግር ማን አጠበ?» ብላ ጠየቀች መጀመሪያ።

«እኔ።»

«ጎሽ! ከርሞም አንቱ ያጥባሉ። መስኮቱን ከፍተው፣ አፍዎን ሸፍነው።»

ቤት እንደገባን ተራው የእኔ ሆነ። ሦስት ጋቢ ደርቤ ተንቀጠቀጥኩ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ግን፣ ልማድ አይለቅምና፣ «እንግዲህ እኔም ከፍያለሁ፤ ለከርሞ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ለከርሞማ ጆሮውን አስሸርፎ ይመጣል!» አለችኝ እናኑ፣ የነርሷን ምሳሌ ነግሬያት ነበርና፣ አጥሚቱን እያቀበለችኝ።

እንግዲህ ሒሳቡ ሲዘጋ እንዲህ ነው። ኪሳራ፦ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት አንድ ሕግ። ትርፍ፦ አንዲት ሚስት፣ ከነምላሷ።