የፓምፑ ሽቦና የእትዬ ዘነበች አጥር

የእኛ ሰው በናስትሮ ላይ ያለው እምነት ይገርመኛል። የመነጽር እግር ሲሰበር ናስትሮ፣ የሪሞት ክዳን ሲጠፋ ናስትሮ፣ የታክሲው ስፖኪዮ ሲንጠለጠል ናስትሮ። እናንተም ብትሆኑ አሁን ካላችሁበት ሳትነሱ ዞር ዞር ብላችሁ ብታዩ፣ ናስትሮ የተጠመጠመበት አንድ ነገር አታጡም። ማንንም አልወቅስም። ልውቀስ ብልስ በየትኛው አፌ? ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ፣ ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ የሚሆነውን ለስንቱ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ስዬ አሳይቼ፣ ቤቴ ስገባ ግን እኔም የናስትሮ ሰው ነበርኩ።

የምኖረው ኮልፌ ነው፤ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ጉልበት የለውም። ስለዚህ አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ውሃውን ወደ ሮቶ የሚገፋ ፓምፕ ገዛሁና በሩ አጠገብ ተከልኩት። ከቤት የሚወስደው ሽቦ ግን አጠረኝ። ቁራጭ ቀጥዬ በቆርቆሮው አጥር አናት ላይ ላሳልፈው አሰብኩ። አጥሩን የምንጋራው ከእትዬ ዘነበች ጋር ነው። ልጆቻቸውን አሳድገው ድረው፣ ቡቼ ከሚባል ውሻቸው ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው።

ቁራጩን የገዛሁት ከወልዴ ነው። ወልዴ በወዲያኛው በኩል የእትዬ ዘነበች ጎረቤት ሲሆን፣ ማዞሪያው ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው።

«ደጅ ነው የሚቀጥሉት?» አለኝ።

«አዎ፣ አጥር ላይ።»

ከመደርደሪያው አውራ ጣት የምታህል ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ አወረደ። በሁለቱም ጫፍ በእጅ የሚጠብቅ ክዳን፣ ውስጡ ደግሞ ጎማ አለው። «ውሃ የማያስገባ ማያያዣ ነው። ሽቦውን ውስጡ ያስሩና ክዳኑን ሲያጠብቁት ጎማው ገመዱን አንቆ ይይዘዋል። ውሃ ውስጥ ቢጥሉት እንኳን ግድ የለውም። ናስትሮ ዝናብ አይችልም መምህር፣ ይህን ይውሰዱ።»

ፈገግ አልኩ። ነጋዴ መቼም ዕቃውን ማመስገኑ አይቀርም። ደግሞ ስለ ዝናብ ለፊዚክስ አስተማሪ? ናስትሮዬን ይዤ ወጣሁ። ከቀጠልኩት በኋላ ለጥንቃቄ በላዩ ላይ ፌስታል ጠቀለልኩበት። በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ሐምሌ ላይ ቡቼ ሞተ። ውሃ የመጣበት ሌሊት ነበር፤ ሲዘንብ አድሮ፣ ጠዋት እትዬ ዘነበች ምግብ ሊሰጡት ሲወጡ አጥሩ ሥር ሰንሰለቱ ላይ ደርቆ አገኙት። ሰንሰለቱ የታሰረው ቆርቆሮው ላይ ካለ ቀለበት ነው። ቁስል የለው፣ ደም የለው። ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። ወልዴ ከሳምንት በፊት «ይሄ ውሻ አላስተኛ አለን» ብሏቸዋል። በቃ፣ መርዝ ሰጥቶት ነው። ወልዴ ማለ፣ ተገዘተ፤ የሚሰማው አላገኘም። እትዬ ዘነበች ከሱቁ ማንም እንዳይገዛ በየበሩ መናገር ጀመሩ። ነገሩ ሲከር ሰፈርተኛው ሽማግሌ መረጠ። ማንን?

እኔን።

ተቀመጥኩ። ጋቢዬን ደርቤ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ጉርብትና ተናገርኩ፤ እንስሳም ነፍስ እንዳለው ተናገርኩ። ወልዴንም ለብቻው ወስጄ «አደረግከውም አላደረግከውም፣ ይቅርታ ብትጠይቅ ምን ይቀርብሃል? እናትህ ይሆናሉ» አልኩት። ከዚያ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔም ሰው አስታረቅሁ ብዬ ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ ሲያባራ ፓምፑን ከፍቼ ደጅ ቆሜ ጥርሴን እፍቃለሁ። ከአጥሩ ማዶ የባልዲ መውደቅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የሰው መውደቅ። ጩኸት የለም። ሮጬ ስገባ እትዬ ዘነበች ጭቃው ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል፤ ያጠቡት ነጠላ አጠገባቸው ወድቋል።

«መታኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ማን መታዎት?»

«አጥሩ።»

የሚቃዡ መሰለኝ። ከዚያ ቀና አልኩ። ከራሴ በላይ የእኔ ፌስታል ውሃ አቁሮ፣ ተንዘርጥጦ ቆርቆሮው ላይ ተኝቷል። ልክ ከሥሩ ደግሞ የቡቼ ቀለበት።

እንዴት ሮጬ ፓምፑን እንዳጠፋሁ አላስታውስም። እትዬ ዘነበችን እስከ ታክሲው በጀርባው ያዘላቸው ወልዴ ነው። ክሊኒክ ልባቸው ደህና ነው፣ ይረፉ ተባለ፤ ሰፈርተኛው ደም ግፊት ነው አለ። አጥሩ መታኝ ማለታቸውን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። ማታ አመሻሽ ላይ ፓምፑን ከፍቼ ቴስተሬን ቆርቆሮው ላይ ሳስነካው መብራቱ ቦግ አለ። ፓምፑን ነቅዬ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንድ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ማንም አልጠረጠረኝም። ደም ግፊት የሚለው እንዴት ያለ የሚመች ቃል እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። በማግስቱ ግን ምሳዬን ሳልነካ ወልዴን ጠርቼ አብረን እትዬ ዘነበች ዘንድ ሄድን። ሁሉንም ተናገርኩ።

«ቡቼንም?» አሉኝ።

«ቡቼንም እኔ ነኝ።»

ቢቆጡኝ በወደድኩ። እኔን ትተው ወደ ወልዴ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ጉልበቴን ሳምከኝ እኮ» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ተነስተው እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ደግፎ መለሳቸው።

ወልዴ ማያያዣውን ይዞ መጣና መሰላል ላይ ወጣ፤ እኔ መሰላሉን ያዝኩ። ናስትሮውን ልጦ ጣለ፣ ሽቦዎቹን ቱቦው ውስጥ አሰረ፣ ክዳኖቹን አጠበቀ። ሁለት ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም። ከመሰላሉ ሥር ሆኜ ጠየቅሁት፦

«ወልዴ፣ ሳታደርገው ለምን ይቅርታ ጠየቅህ?»

ፊቱን ሳያዞር መለሰልኝ። «ያን ቀን በጣም ጥሩ ተናገሩ መምህር። ሲጨርሱ እኔው ራሴ፣ ሳላውቀው መርዝ ሰጥቼው ይሆን እንዴ ብዬ ነበር።»

እየሳቀ ይሁን እያዘነ፣ ከታች ሆኜ ማየት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና በተጠራሁ ቁጥር ጉንፋን ይይዘኛል።