አጎቴ ጣሀ ልቦለዴን ያነበቡ ለታ

በየዘመዱ መሃል አንድ ተጠራጣሪ አይጠፋም። የእኛው ክቡር አጎቴ ጣሀ ናቸው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጣሉ፤ ይጠረጥራሉም። ዋናው ሥራቸው ሁለተኛው ነው።

«እንዴት አደሩ?» ቢሏቸው «ምን ሰምተህ ነው?» ይላሉ። ሐኪም «ደህና ነዎት» ካላቸው ሌላ ሐኪም ጋ ይሄዳሉ፤ እሱም «ደህና ነዎት» ካለ ሁለቱ ተደዋውለዋል ማለት ነው። የሠርግ ጥሪ ሲደርሳቸው ካርዱን ገልብጠው ጀርባውን ይመረምራሉ።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ለወጣቶች አንድ ልቦለድ አሳተምኩ። ታሪኩ የገዛ አጎታቸው የአባታቸውን ውርስ የካደባቸው ሦስት ልጆች ስለሚፈጽሙት የበቀል ዝርፊያ ነው። አጎትየው የሟች እናቱን ጌጥ ደብቋል፤ ልጆቹ ቁልፍ አስቀርጸው ይገቡና ከጥቁር አዝሙድ ጣሳ ውስጥ ያወጡታል። ወላሂ፣ ሁሉንም ከራሴ ነው የፈጠርኩት።

መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ አጎቴ አስጠሩኝ። በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘግተው፣ መጽሐፌን በእርሳስ አስምረውበት ጠበቁኝ።

«ሂንድ፣ ማነው የነገረሽ?»

«ምኑን፣ አጎቴ?»

«ገጽ ሰባ አራት። ጣሳውን!»

«እኔ እኮ የፈጠርኩት ነው።»

«የፈጠርሽው ከሆነ ጥቁር አዝሙድ ለምን አልሽ? በርበሬ አትይም ነበር?»

ይህን ብለው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ዓይኔ ቀስ ብሎ የጥቁር አዝሙድ ጣሳ ወዳለበት ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄደ፤ የእሳቸውም ተከተለው። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲጠረጥሩ የኖሩት አጎቴ በገዛ አንደበታቸው ተያዙ።

ጣሳውን አወረዱት። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት የአያቴ የብር አንባሮች ነበሩ።

«እናቴ ስትሞት ለኡመይማ ስጥልኝ ብላኝ ነበር» አሉ። ኡመይማ ታናሽ እህታቸው ናት፤ ያኔ የሐርቡ ተወላጁን ዐቂልን አግብታ ኮምቦልቻ ገብታ ነበር። «ባሏ ይሸጥባታል ብዬ ጠረጠርኩ።»

«ታዲያ ሸጠ?»

«ምኑን ይሽጥ? እኔ ጋ ነው ያለው!»

አያቴ ከሞቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። አክስቴ ለለቅሶ ካልሆነ በቀር የወንድሟን ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ ለምን እንደሆነም ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«ስጧት» አልኳቸው።

«አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርን። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ቁልቁለቱን ስንወርድ ጣሳውን እንደ ሕፃን አቅፈውት ነበር። ከኋላችን አንዱ ሲያስል «ያወቀ ይመስልሻል?» አሉኝ።

በሩን የከፈተው ዐቂል ነው። «አህለን! ግቡ፣ ግቡ!» ብሎ አጎቴን አቀፋቸው። እሳቸው ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም።

አክስቴ ጨርቁን ፈታችው። አንባሮቹን ስታይ ምን እንደሆኑ አልጠየቀችም። አንዱን በመዳፏ እያሻሸች፣ «አንባሮቹ ሳይደርሱኝ ሲቀሩ ዐቂልን በማግባቴ እናታችን ተቀይማኝ የሞተች መስሎኝ ነበር» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሷን ስጠረጥር ኖርኩ።»

ይህ በአጎቴ ሐሳብ ጨርሶ መጥቶ አያውቅም። ሰውን ሁሉ ሲጠረጥሩ፣ እህታቸው እናታቸውን ልትጠረጥር እንደምትችል አላሰቡም። መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ ኡመይማ። እሷ ስምሽን እየጠራች ነው የሞተችው።»

አክስቴ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። የምታስወጣን መስሎኝ ቦርሳዬን አነሳሁ። ስትዞር ግን ክንዷን ዘረጋች።

«ና፣ አንተው አጥልቅልኝ።»

እጇ ወፍሮ አንባሩ እንቢ አለ። ዐቂል ሮጦ ውሃና ሳሙና አመጣ። አጎቴ የእህታቸውን እጅ አረፋ በአረፋ አድርገው አንባሩን መግፋት ጀመሩ።

«ቀስ! ልትሰብረኝ ነው እንዴ?» ስትል፣ በቁጣዋ መሃል ሳቋ አመለጣት።

አንባሩ ገባ። አጎቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በክንዳቸው ጠረጉ።

«ሳሙናው ዓይኔ ገብቶ ነው» አሉ።

ቅንጣት ሳልጠራጠር አመንኳቸው።